ድምፅ ያጣው ፈረስ

መምህርት ሠርክአዲስ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አማርኛ ታስተምራለች። የግጥም ትምህርት በደረሰ ቁጥር ቅር ይላታል። ልጆቹ ግጥሙን በቃላቸው ይይዙታል፤ ተነሡ ሲባሉ ተነሥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ባንድ ትንፋሽ ያወርዱትና ይቀመጣሉ። «ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው መልሰው ከመጀመሪያው ያወርዱላታል።

አንድ ቅዳሜ ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄዳ ሳለ ዶፍ ዝናብ ጣለና ዋናውን መንገድ ጎርፍ ሞላው። ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልላ ስታይ፣ ሰው የጫነ ጋሪ የሚጎትት አንድ ዳማ ፈረስ ጎርፉ ዳር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው ልጓሙን ሳበ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፤ ፈረሱ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ባጃጅም መጥቶ ከጎናቸው ቆመ። በመጨረሻ ባለጋሪው ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደና ራሱ ፊት ፊት እየመራ ውኃው ውስጥ ገባ። ይኼኔ ፈረሱ ተከተለው። ሠርክአዲስ ስልኳን አውጥታ ሁሉንም ቀርጻው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ በቀጥታ ወደ አብሮ አደጓ ወደ ወንዳወቅ ሄደች። ወንዳወቅ ሰርግ እየቀረጸ የሚተዳደር የስቱዲዮ ባለቤት ነው።

«ግጥም አንብቤበት ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ!» አለችው ገና ከበር ስልኳን እያሳየችው።

«ለአራተኛ ክፍል ቪዲዮ?»

«ምነው፣ ሙሽራ ብቻ ነው እንዴ የሚቀረጸው?»

ወንዳወቅ ሳቀ። እሷ እዚያው ተቀምጣ ስለ ፈረስ ጠቃሚነት ግጥም ጻፈች፤ እሱ ድምፅዋን ቀድቶ ከምስሉ ጋር አስማማላት። ቪዲዮውን በፍላሽ ጭኖ ፕሮጀክተሩንም አዋሳት። ወደ ቡሬ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ፕሮጀክተሩን እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉን መስኮቶች በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነች፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለች። ልጆቹ ተጋፍተው ወንበር ላይ ወጡ። ፈረሱ አንሶላው ላይ ብቅ ሲል ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ድምፁ ግን እምቢ አለ። ሠርክአዲስ ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች፣ ማሽኑን መታ መታ አደረገች፤ ምንም። ያን ሁሉ የደከመችበት ግጥም ድምጥማጡ ጠፋ። ላብ በላብ ሆና ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አልሻገርም እኔ!»

ሁሉም ዞሮ አየ። የተናገረችው ማርያማዊት ነበረች። ማርያማዊት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም መጥታ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ልጅ ናት፤ ትምህርት ከተጀመረ ጀምሮ ስትጠየቅ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ቃል ወጥቷት አያውቅም።

«ማነው እሱ የማይሻገረው?» አለች ሠርክአዲስ ቀስ ብላ፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥባት ፈርታ።

«ፈረሱ ነዋ፣ ቲቸር። ውኃው ይበርደዋል።»

«እንግዲያው ፈረሱን ሆነሽ ንገሪን።»

ማርያማዊት ዓይኗን አንሶላው ላይ እንደተከለች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«አልሻገርም እኔ፣ ውኃው ይበርደኛል፤
ባጃጁም ፈራና ዳር ቆሞ ያየኛል።»

ወዲያው እልልታና ፉጨት ተደባለቀ። «ቤት መታ! ቤት መታ!» አሉ ልጆቹ። ሠርክአዲስም አጨበጨበችላት። ስለ ፈረስ ጠቃሚነት የጻፈችው ግጥም ትዝ አላትና ባለመሰማቱ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«ባለጋሪው ዝም ሊል ነው?» አለች። «ማን ይመልስላታል?»

እጅ ደን ሆነ። አንዱ «ሂድ!» አለ፤ ሌላው «እገርፍሃለሁ!» አለ።

«ቪዲዮውን እዩት እንጂ! ገረፈው እንዴ?» አለች ሠርክአዲስ፤ ምስሉንም ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አሁን አንድም የሚጮኽ የለም። ባለጋሪው ሱሪውን ሲጠቀልል፣ ሲወርድ፣ ውኃው ጉልበቱን ሲነካው አዩ። ያን ጊዜ ጋሹ የሚባለው ልጅ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ፦

«ተው እንጂ ዳማዬ፣ ሰው ጭነን አትኩራ፤
እኔው ወርጄ ልግባ በእግሬ ካንተ ጋራ።»

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ሠርክአዲስ ስልኳን ለመቅጃ አዘጋጀች፤ ግማሾቹ ዝናብ፣ ግማሾቹ ጎርፍ ሆኑ። ጠረጴዛው እየተደበደበ ኮቴ ሆነ።

በሩ ብርግድ አለ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ትዕዛዙ ናቸው።

«ኧረ ምን ጉድ ነው? ጎረቤት ክፍል መማር አልቻለም እኮ!»

ሠርክአዲስ አፏን ሳትከፍት ማርያማዊት ቀደመቻት። «ጋሼ፣ ባጃጅ የሚሆን አጥተናል። እርስዎ ይሁኑልን።»

አቶ ትዕዛዙ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ አንሶላው ላይ የቆመውን ፈረስ አዩ። ይህች ልጅ ስትናገር መስማታቸው ገና የመጀመሪያቸው ነው። ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ኋላ ዞር ብለው በሩን ዘጉ።

«ጥርርርርርር…» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠርክአዲስ እየሳቀች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች መቅጃውን እንደገና አስጀመረች።

በመጨረሻ ምስሉ አንሶላው ላይ ሲሄድ የልጆቹን ድምፅ ከስልኩ አሰማቻቸው። ማርያማዊት የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ በጣቶቿ መሃል ግን ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ ሠርክአዲስ አጥሩ በር ላይ ቆማ ልጆቹን ትሸኛለች። ማርያማዊትና ጋሹ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ እሷ እንደ ፈረሱ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ እሱ ይለምናታል። በግጥም ይመላለሳሉ፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ነፋሱ ያመጣላት ስንኝ ግን ክፍል ውስጥ ያልተባለ፣ ገና አሁን የፈለቀ ነው፤ መጨረሻው አልሰማ አላት።

«ቆዩኝ! እንዴት አላችሁ? ድገሙልኝ!» ብላ ጭቃውን ሳትጠየፍ ከኋላቸው ሮጠች።