ኤሊዋ የምትበላው ስታጣ

ተኽላይ ዕቃ ሲገዛ መልኩን እንጂ ጠባዩን አይጠይቅም። ሚስቱ ለተብርሃን ይህን አሳምራ ስለምታውቅ፣ ለቦሌው ፔንሲዮናቸው የመዋኛ ገንዳ መጥረጊያ ማሽን ሊገዛ የተነሣ ዕለት ሳትጋበዝ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። በሰፈራቸው ገንዳ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያለውም በመረብና በረጅም መጥረጊያ ነበር የሚያጸዳው። በራሱ እየዞረ የሚጠርግ ማሽን አለ ሲባል ተኽላይ እንቅልፍ አጣ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ፓምፕና ቱቦ የሚሸጠው አብዱልገኒ፣ ወሎዬው ነጋዴ፣ ሁለት ዓይነት አቀረበላቸው። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጎማ ያለው፣ የገንዳውን ግድግዳ ሳይቀር የሚወጣ ነው። ሌላው ከገንዳው ፓምፕ ጋር በቱቦ ተያይዞ በመምጠጥ ብቻ የሚሠራ፣ ኤሊ የመሰለ ነገር። የተኽላይ ዓይን ባለጎማው ላይ ተተከለ።

«ገንዳችሁ ውስጥ የሚወድቀው ምንድን ነው?» አለ አብዱልገኒ።

«ምን ይወድቃል? ቆሻሻ ነዋ!» አለ ተኽላይ።

ለተብርሃን ቦርሳዋን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ ዘረገፈች። የበሰበሰ የጃካራንዳ አበባና ቅጠል ነበር። «ዛሬ ጠዋት ከወለሉ ያወጣሁት ነው» አለች።

አብዱልገኒ ሳቀ። «እትዬ ለተብርሃን፣ እርስዎ ገላገሉኝ! የባለጎማው ከረጢት ለደቃቅ አቧራ ነው፤ ይህን ከጎረሰ ወዲያው ይሞላል። ለእናንተ ኤሊዋ ናት፤ ቅጠል የሚያስቀር ቅርጫት አላት።» ከዚያ አጠቃቀሟን ነገራቸው። ቱቦው እስከ ሩቁ ጥግ ይድረስ እንጂ አይትረፍ። ማለዳ ለሁለት ሰዓት ያህል ብትሠራ ይበቃታል። ቅርጫቷ ሳይራገፍ አትነሣ፤ ሰው ሲዋኝ ደግሞ ትውጣ።

ለተብርሃን ሰማች። ተኽላይ ባለጎማውን እየዳሰሰ ነበር።

ኤሊዋን ገዝተው ቤት ሲደርሱ ግን ባለሙያው እሱ ሆነ። «ትርፍ አይጎዳም» ብሎ የመጣውን ቱቦ ሁሉ ቀጣጠለው። ኤሊዋን ጎህ ሲቀድ ይለቃታል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያወጣታል። ፓምፑ ሲያጓራ ይውላል። ለመዋኘት ፎጣ ይዞ የወረደ እንግዳ ቱቦውን ሲያይ እባብ መስሎት ይመለሳል። ኤሊዋም ትርፉ ቱቦ እየተጠመጠመባት አንድ ጥግ ላይ ስትዞር ትውላለች።

«እስኪ ኤሊዋ ትረፍ፤ ሰውም ይዋኝ» ትለዋለች ለተብርሃን።

«ሥራ ላይ ናት» ይላል፤ ወንበር ስቦ ኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው አፍጥጦባት።

ለተብርሃን ክርክሩን ተወችው። ከፋሲካ በኋላ ላለው እሑድ ግን ተኽላይ ወዳጁን ገብረኣብን ምሳ ጋበዘው። ገብረኣብም ቤቱ ገንዳ ያለው ነጋዴ ነው። «ዓይንህ እያየ ገንዳ የሚጠርግ ጉድ አሳይሃለሁ» ብሎ በስልክ ሲፎክርለት ሰማችና ተንኮል መጣላት።

እሑድ ማለዳ ባሏ ቅዳሴ ሲሄድ እሷ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ትርፉን ቱቦ ነቀለች፣ ቅርጫቱን አራገፈች፣ ኤሊዋን ለቀቀቻት። ኤሊዋ ያልደረሰችበት ጥግ አልነበረም። ሲያልቅ አውጥታ ቱቦውን እንደነበረ ቀጠለችው።

ተኽላይ ሲመለስ ገንዳው እንደ ብርጭቆ ጠርቷል።

«ምነው፣ ደስ አላለህም?» አለችው።

«ኧረ ጥሩ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ፊት ነበር። ገብረኣብ ሊመጣ ነው፤ ኤሊዋ ምን ልትበላ ነው?

ለተብርሃን ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት ወጥታ ከአንሶላ ጀርባ ቆመች። ባሏ ግራ ቀኙን አየ። አንድ እፍኝ ቅጠል ለቅሞ ገንዳው ላይ በተነ። አነሰው። ደገመ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ከነክራቫቱ ጃካራንዳው ላይ ወጣና ቅርንጫፉን ይነቀንቀው ጀመር። ሐምራዊው አበባ ገንዳውን አለበሰው። ለተብርሃን ሳቋን በአንሶላው ጫፍ አፈነች።

የበሩ ደወል ሲጮህ ተኽላይ ከዛፉ ዱብ አለ።

«ይኼ ሁሉ ጉድፍ ምንድን ነው? ማሽን ገዛሁ አላልክም?» አለ ገብረኣብ።

«ነፋሱ ነው። ቆይ፣ አሁን ታያለህ!»

ፓምፑን አስነሣ። ኤሊዋ ወለል ለወለል ትሄዳለች፤ አበባው ደግሞ ገና ትኩስ ነውና ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። እሷ ከታች፣ እሱ ከላይ፤ ሳይተዋወቁ ተላለፉ። ብዙም ሳትቆይ ቱቦው ተጠመጠመባትና ጥግ ይዛ ቀረች። ተኽላይ ላብ አጠመቀው። መጥረጊያ አንሥቶ አበባውን ወደ ታች እየደፈቀ ወደ አፏ ይገፋላት ጀመር።

«ተኽላይ፣ እያጎረስካት ነው?» አለ ገብረኣብ።

ይህን ጊዜ ለተብርሃን ከዛፉ ሥር ያነሣችውን ጫማ አንጠልጥላ ብቅ አለች። «የነፋሱ ጫማ ነው» አለች። «አርባ ሦስት ቁጥር ያደርጋል።»

ገብረኣብ መጀመሪያ የተኽላይን ካልሲ፣ ቀጥሎ ጸጉሩ ላይ የቀረውን አበባ ተመለከተ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ ወደቀ። ተኽላይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር።

ለተብርሃን ተንሳፋፊውን በመረብ ሰበሰበች፣ ትርፉን ቱቦ ነቀለች፣ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ውሃ ሞልታ አስወጣች። ኤሊዋ ተንደርድራ ሄደች።

«ለእኔም አንድ ምረጪልኝ» አለ ገብረኣብ።

«ያንተ ገንዳ ውስጥ ምን ይወድቃል?»

«ዛፍ የለኝም፤ የመንገድ አቧራ ነው።»

«እንግዲያማ አንተን የሚያስፈልግህ ባለጎማው ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ከዚያ ወዲህ ኤሊዋ ማለዳ ሠርታ ትወጣለች፤ ቀኑ የዋናተኞች ሆነ። ታሪኩን ግን ለተብርሃን ለማንም አላወራችም፤ አያስፈልግም ነበር። በየግብዣው የሚያወራው ተኽላይ ራሱ ነው፤ ባወራው ቁጥርም ዛፉ ትንሽ ይረዝማል።