ከየቤቱ ሁለት ክንድ ገመድ

ከወልድያ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ላይ እንደ እኔ ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የለም። ይህን ድሮም እል ነበር፣ ዛሬም እላለሁ። ዛሬ ግን ከማለቴ በፊት ነኢማ በአካባቢው አለመኖሯን አያለሁ።

ነኢማ የጋሽ ጀብሪል ልጅ ናት። ጋሽ ጀብሪል ደግሞ በመርሳ ከተማ፣ በሰፈራችን፣ ከጦርነቱ የተረፈች የአንዲት ሚኒባስ ባለቤት ናቸው። መኪናዋ እንዴት ተረፈች ቢባል፣ በጭካኔያቸው ነው። ጦሩ ደረሰ ሲባል ክሩስኮቱን፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ ፈተው፣ ከውስጡ ያገኙትን ገመድ ሁሉ እንደ ጎመን ቆራርጠው፣ በጆንያ አጭቀው የፍየል በረት ውስጥ ቀበሩት። አምስት ወር ሙሉ ሊወስዳት የመጣ ሁሉ ቁልፍ ቢያዞር፣ ቢገፋ፣ ቢሳደብ፣ አልነሳም አለች።

ከተማችን ነፃ ወጥታ እኔም ከስደት ስመለስ ጆንያው ተቆፍሮ ወጣ። ገመዱ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

"ጋሽ ጀብሪል፣ ምነው አንቱ፣ ከአገሩ መሬት ሁሉ የፍየል በረት መረጡ? የፍየል ሽንት መዳብ ይበላ የለም እንዴ!"

"እኔ ምን አውቄ? መሬት መሬት ነው ብዬ ነዋ!" አሉኝ።

ከዚያ ውስጥ ደህና ደህናውን ለቅሜ ሞተሩን አስነሳሁ። ለሌላ ነገር ግን አንድ ስንዝር አልተረፈም።

በዚህ መሀል የነኢማ ሠርግ ደረሰ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦለት ሁለቴም በጦርነቱ ቀርቷል። ሙሽራው ሙባረክ የውርጌሳ ልጅ ነው። ደንቡ እሱ መጥቶ እንዲወስዳት ነበር፤ በውርጌሳ ግን መኪና ስላልተገኘ እኛው እንድናደርስለት ተስማማን። እሱም ከኮምቦልቻ አዲስ የመኪና ቴፕ ገዝቶ ከነካርቶኑ ላከ። በከተማው መብራት አልመጣም፣ ጄኔሬተሮቹ ተዘርፈዋል። ዘፈን ሊያሰማ የሚችል ነገር የመኪና ባትሪ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጭንቅላቴን በክሩስኮቱ ቀዳዳ ከትቼ ባዶውን ሳይ ቆየሁና፣ "ያለ ዘፈን ብትሄድስ ምን ትሆናለች?" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ነኢማ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። "ጋሽ ጌትነት፣ አምስት ወር ጓዳ ውስጥ ተደብቀን በሹክሹክታ ነው የኖርነው። ስናለቅስ እንኳ አፋችንን ይዘን ነው። ወላሂ፣ ከአባቴ ቤት በሹክሹክታ አልወጣም! ዘፈኑ ከሌለ ሠርጉም ይቅር።"

"ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" አሉ አባቷ፣ ወደ መንገዱ እየተገላመጡ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

የሙባረክ ሽማግሌዎች ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረ ሌላ እንፈልጋለን ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ነኢማም ይህን ታውቃለች። እያወቀች ነው እንዲያ ያለችው። አንጀቴን በላችው። ግን አንጀት ገመድ አይሆንም። ቴፑ የሚገባው ከፊት ነው፤ ስፒከሮቹ ሁለቱም ከኋላ ናቸው። ባትሪውም ከኋላ ነው፤ የራሷ ስለሞተ ከጭነት መኪና የወለቀ አምጥተን፣ በቦታው አልገባ ቢለን ከኋላው ወንበር ስር አስረነዋል። ሁሉን ለማገናኘት ከሃያ ሜትር በላይ ገመድ ያስፈልጋል። የእኔ ሱቅ ተዘርፎ ምስማር እንኳ አልቀረለትም። በእጄ ያለው አንድ ፒንሳና ከስደት ይዤው የተመለስኩት ሁለት ሜትር ቀይ የመኪና ገመድ ነው።

ይህን ለጋሽ ገበየሁ ነገርኳቸው። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የምንቀብረውም የምንድረውም፤ ጋሽ ገበየሁ ለቀብር ከየቤቱ እንጨት፣ ለሠርግ ከየቤቱ እንጀራ ያዛሉ። ያን ቀን ትንሽ አሰቡና ለፋፊውን ጠርተው ላኩት።

"ከየቤቱ ሁለት ክንድ የኤሌክትሪክ ገመድ! ያላመጣ ይቀጣል!"

መብራት በሌለበት ከተማ ገመድ ለማን ይጠቅማል? እስከ ቀትር ድረስ የቴሌቪዥኑ፣ የምጣዱ፣ የዲሹ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ ሁሉም መጣ። ጋሽ ገበየሁ የፍሪጃቸውን ገመድ ከሥሩ ቆርጠው አመጡ። ጎረቤቴ ዘነበች የካውያዋን ገመድ ይዛ መጣች። ካውያው ተዘርፎ ገመዱ ብቻ ነው የቀረላት። በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ።

በቅሬ የመጣ ነገር አይመለስም። ቢያጥርም ቢያረጅም፣ ለሰው ያመጣውን መመለስ ከእኛ አይደለህም ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ስለዚህ ሠላሳ አንዱንም ቁራጭ ማስገባት ነበረብኝ። እያንዳንዱን እያገላበጥኩ፣ እየጎተትኩ፣ ልባሱን እየዳበስኩ መረመርኩ። የራሴን ቀይ ገመድ አልመረመርኩም። የባለሙያ ገመድ ደግሞ ይመረመራል እንዴ?

ስቀጥል ዋልኩ። ናስትሮ ስለሌለ መጋጠሚያውን ሁሉ በፌስታል ቁራጭ ጠቀለልኩ። ከቴፑ የሚወጣውን አረንጓዴ ገመድ ከነጓደኛው ለግራው ስፒከር፣ ወይን ጠጁን ከነጓደኛው ለቀኙ ሰጠሁ። ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ የሚመጣው ገመድ ጠፍቷልና የቴፑን ቢጫና ቀይ አንድ ላይ አሰርኩ፤ ጥቁሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር በብሎን አጠበቅኩ። ከባትሪው የሚነሳው ዋናው መስመር ሦስት ቁራጭ ነው፦ መጀመሪያ የእኔ ቀይ፣ ቀጥሎ የጋሽ ገበየሁ ፍሪጅ፣ መጨረሻ፣ ቴፑ ጋ፣ የዘነበች ካውያ።

እሁድ ጠዋት ነኢማ ተሞሽራ ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ መኪናዋን ከቧል። እኔም እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ የቴፑን ቁልፍ ተጫንኩ።

ምንም የለም።

ደግሜ ተጫንኩ። ቴፑ እንደ ድንጋይ ዝም። "አብሽር፣ አብሽር" አሉኝ ጋሽ ጀብሪል፤ ላባቸው ግን በግንባራቸው ይወርዳል። የፍሬቻ አምፖል በሁለት ገመድ አስሬ የሠራሁት መሞከሪያ ነበረኝ። ቴፑ ጋ አስጠጋሁት፤ አልበራም።

"ካውያው ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እሳት ላይ የኖረ ገመድ ምን ይሆናል?" የዘነበችን ገመድ ቆርጬ አወጣሁና ወረወርኩት።

ዘነበች አንስታ አቧራውን አራገፈችለት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰዉ ሁሉ አየ፤ ጋሽ ገበየሁም አዩ።

ቀጥዬ የፍሪጁን ገመድ መጀመሪያ በአምፖሉ ነካሁ፤ አልበራም። "ይሄም ሞቷል!" ልል አፌን ስከፍት ነኢማ ቀሚሷን ሰብስባ መኪናው ውስጥ ገባች።

"ጋሽ ጌትነት፣ ለምን ከባትሪው አልጀመሩም?"

"ከባትሪው ያለው የእኔ ነው።"

"ታዲያ የእርስዎን ለምን አያዩትም?"

አምፖሉን ከእጄ ወሰደች። የሥራ ሰው ሳትሆን፣ ትናንት ቆማ ስታየኝ በዋለችው ብቻ፣ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳረፈች፤ ሌላውን ባትሪው ላይ። በራ። ከዚያ ወደ ቀዩ ገመዴ መጨረሻ ወሰደችው። ጠፋ።

ገመዱን ተቀብዬ በጣቴ ሄድኩበት። መሀሉ ላይ ልባሱ ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን እንደ ባዶ አንጀት ይታጠፋል። ያኔ ትዝ አለኝ። በስደት ከስቼ ሱሪዬ አልቆም ሲለኝ፣ አምስት ወር ሙሉ ቀበቶዬ እሱ ነበር። ጠዋት እቋጥረዋለሁ፣ ማታ እፈታዋለሁ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። መዳቡ ተበጣጥሶ አልቋል።

"ቀበቶዬ ነበር" አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ጀብሪል ናቸው። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ።

ጋሽ ገበየሁ አልሳቁም። "ሂድና ሴትዮዋን ይዘህ ና። የእሷ ገመድ ሳይገባ ይቺ መኪና አትንቀሳቀስም።"

ሮጥኩ። ዘነበች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገመዱን በእጇ ትጠቀልላለች።

"ዘነበች፣ ይቅር በይኝ። የሞተው የእኔ ነው።"

"አውቄያለሁ" አለች። "የእኔ ካውያ ይሠራ ነበር። እንዳንተ ወሬ ብቻ አልነበረም።" የሚገባኝ ነው። ተነስታ ቀድማኝ ሄደች።

የቀዩን ገመድ የሞተ ቦታ ቆርጬ ጣልኩ። የእኔም በቅሬ የመጣ ነውና የተረፈው አጭሩ ገባ። ያጎደልኩትን የሞላልን የዘነበች ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ ለጥቂት ደረሰ። ነኢማ ራሷ ቁልፉን ተጫነች።

ቴፑ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ከዚያ ከበሮው መጣ።

ግማሹ ሰው ጎንበስ አለ። ድንገተኛ ድምፅ በሰማን ቁጥር ያን ሁሉ ወር የለመድነው እሱን ነው። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ አጥር ጥግ ደረሰች። ጋሽ ጀብሪል እጃቸውን ወደ ቴፑ ሰደዱ፤ ሊቀንሱት መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ጨመሩት! እልልታው ያኔ ፈነዳ። ቀና ያላለ ሰው አልነበረም። ዘነበች ከመኪናው ፊት ለፊት እስክስታ ወረደች፤ ጋሽ ገበየሁ ዳኝነታቸውን ረስተው በዱላቸው መሬቱን ይመቱ ጀመር። እኔ ሠላሳ አንዱን ገመድ አንድ በአንድ መሳም ነበር ያማረኝ።

እስከ ውርጌሳ ድረስ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ሄድን። እኔ ከኋላ፣ ከባትሪው በላይ ባለው ወንበር ተቀምጬ፣ መጋጠሚያዎቹን በእጄ ደግፌያለሁ። ከመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ሰው ይወጣል። መኪና ሲሰማ ወደ ጓዳ ሲገባ የነበረ ሰው፣ አሁን ምጣዱን ትቶ፣ ከብቱን ትቶ ወደ መንገዱ ይሮጣል። የማን ሠርግ እንደሆነ አያውቅም፤ እልል ይላል።

ውርጌሳ መግቢያ ሳንደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። ሙሽራ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው፤ ሙባረክ ግን በነጭ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከ ከፊት ደረሰ። ነኢማ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

"ከየት ጀምሮ ሰማችሁን?"

"ከጉብታው ማዶ! ገና ሳትታዩ! እናቴ 'መጡ' ብላ ስትጮህ ቤት ውስጥ የቀረ ሰው የለም!"

ነኢማ ሳቀች። አፏን ሳትይዝ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ ከቴፑ በላይ ሳቀች። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ እዚያው ባትሪው ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ።