በግድ የተሳፈረ ስለት

"ውጣ እንጂ! እዚህ ማን ያይሃል?" አለው ደጀኔ፣ ጋሪውን በእግረኛው እርምጃ ልክ እያዘገመ።

"ሚካኤል ያየኛል! ሂድ ከዚህ!" እግረኛው ቢሆነኝ ዱላውን ቢያነሣ ፈረሱ ደንብሮ ጋሪውን ወደ ቦዩ ሊከተው ነበር።

"አንተ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎረቤት እሳት ለመጫርም በጋሪ ነበር የምትሄደው። ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ተስያለሁ አልኩህ።"

"ያንተን ቃልማ እናውቀዋለን! ፈረሴ ቢያነጥስ የሦስት ቤት ቆርቆሮ ተነቀለ ብለኸን የለም? ማንኩሳ ሳትደርስ ኢሱዙ ላይ እንደምትሰቀል ከጋሪ ልጆቹ ጋር ተወራርደናል። ቢራው የኔ ነው።"

"ውሃ ትጠጣለህ!"

ደጀኔ እየሳቀ ጋሪውን ወደ ፍኖተ ሰላም መለሰ። ቢሆነኝ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ቢቀርም ንዴቱ አብሮት ይራመድ ነበር። ዋሾ መሆኑን እሱም አይክድም። ግን የሱ ውሸት የጋሪ ተሳፋሪ የሚያስቅ፣ መንገድ የሚያሳጥር ውሸት ነው፤ ማንን ገደለ? ሰው አንድ ቀን እውነት ቢናገር ምን አለበት ታዲያ?

እውነቱ ይህ ነበር። በመስከረም የስድስት ዓመት ልጁን አደይን ትኩሳት ጣላት። ሆስፒታል ተኝታ ዘጠኝ ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። ሌላ አባት ቢሆን ጧፍ ይሳል ነበር፣ ቢበዛ ምንጣፍ። ቢሆነኝ ግን ያለውን ውድ ነገር ሲፈልግ አለመራመዱን አገኘ። የሆስፒታሉን አጥር ተደግፎ፣ "ሚካኤል፣ ልጄን ማርልኝ፤ ለኅዳር ንግሥህ ከቤቴ ደጃፍ እስከ ቤትህ ደጃፍ ጎማ ሳልነካ፣ ስንዝር ሳላስቀር በእግሬ እመጣለሁ" አለ። በማግሥቱ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ፣ "አባዬ፣ ፈረሱ በላ?" አለችው።

ሚካኤሉ ከቡሬ ማዶ ነው፤ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ሚስቱ ሀብትነሽ ጧት በሶውን ስትቋጥርለት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ስንዝር ብለሃል። ስንዝር እንዳትጎድል። ልጅቷን አስባት።"

መንገዱ ግራና ቀኙ በርበሬ ተሰጥቶበት ምድር የተላጠ ቁስል ትመስላለች። ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና እያሉ "እግዜር ያድርስህ!" ይሉታል። የጋሪ ነጂ እግር የሸማኔ ምላስ ነው፤ አይሠራበትም። ስድስት ሰዓት ላይ ማንኩሳን ሲያልፍ የኮንጎ ጫማው ተረከዙን ልጦት ነበር። ከከተማዋ ወጣ እንዳለ ከአንዲት ዋርካ ሥር ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ዱላውን ደረቱ ላይ አጋድሞ ጥቂት ሸለብ አደረገው።

የነቃው መሬት ስትርቀው ነው። ነጭ ቲሸርት የለበሱ አራት ጎረምሶች፣ ሁለቱ ብብቱን ሁለቱ እግሩን ይዘው፣ ኮንጎውን ሆዱ ላይ ጭነው አውቶቡስ ውስጥ እያስገቡት ነበር።

"አይዞዎት አባት! እግዜር ያመጣን ለእርስዎ ነው!"

አባት! አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። "አውርዱኝ! ስለት አለብኝ!" ብሎ ቢጮኽ የመዝሙሩ ከበሮ ዋጠው። በሩ ተዘጋ፣ ጎማው ተንከባለለ።

የጉዞው አስተባባሪ ክንፈሚካኤል ማይክራፎኑን አነሣ። "ወገኖቼ! ወደ ሚካኤል የሚሄድ እግረኛ ማሳፈር ትልቅ ጽድቅ ነው! ዛሬ በረከት አገኘን!"

"የኔን ጽድቅ ቀምታችሁ የራሳችሁን ትሠራላችሁ?" ቢሆነኝ ዘሎ ተነሣ። "አቁሙ! በዚህ ወደ ሚካኤል አልሄድም! አውርዱኝ!"

ከበሮው ቀጥ አለ። አንድ አውቶቡስ ሕዝብ ወደ ሚካኤል ሲሄድ፣ "አልሄድም፣ አውርዱኝ" እያለ የሚጮኽ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ጎጃም ውስጥ ሕፃንም ያውቃል።

"በስመ አብ! ጮኸ!" አለች አንዲት ሴት።

"ጠበሉን አምጡት!"

ጀሪካን ሙሉ ጠበል ከአናቱ ላይ ወረደ። ክንፈሚካኤል መስቀል ደቀነበት። "ማን ነህ? ተናገር!"

"ቢሆነኝ ነኝ! የፍኖተ ሰላም ጋሪ ነጂ!"

"ይሄን ሥራ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ?"

"ሃያ ዓመት!"

"ሃያ ዓመት ተቀምጦበታል! እልል በሉ!"

እልልታው የአውቶቡሱን ጣሪያ ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ቢሆነኝ በውሃው ውስጥ ሲያማትር አንድ የሚያውቀው ፊት አየ፤ ገበያ ላይ ጌሾ የሚሸጡት ካሰች ናቸው፣ ስንቱን ከረጢት ጭኖላቸዋል።

"እትዬ ካሰች! እርስዎ ያውቁኛል! ጤነኛ ነው ይበሏቸው እንጂ!"

እትዬ ካሰች ነጠላቸውን አጣፉ። "አውቀዋለሁ፣ ማርያምን። አንድ ቀን እውነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለካ እሱ አልነበረም የሚዋሸው፤ አፈር ልብላ፣ እኔ እኮ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር! ጨምሩለት!"

ጨመሩለት። በተቆጣ ቁጥር ጠበል፣ በታገለ ቁጥር መስቀል። በመጨረሻ ዝም አለ፤ "ለቀቀው!" ተባለ። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ድልድዩ፣ ማሳው፣ ያልረገጠው መሬት ሁሉ ወደ ኋላ ሲሮጥ ተመለከተ። አደይን ይዟት የሚሮጥ መሰለው።

ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ነዳጅ ሊቀዳ ቡሬ ቆመ። ክንፈሚካኤል ስልኩን ደግኖ፣ አንድ ነጭ ቲሸርት ዘርግቶለት ቀረበ። "ወንድሜ፣ እንዴት እንደዳንክ ለሕዝቡ ተናገር።"

"ከምን ነው ያዳናችሁኝ?" ቲሸርቱን ወረወረለት። "ስለቴን ነው የሰረቃችሁኝ! ሌባ እንኳ የሰው ኪስ ሲገባ እልል አይልም!"

ከአውቶቡሱ የወረዱት ሽማግሌ ቄስ፣ አባ ገነነ፣ ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት። ታሪኩን እስኪጨርስ ሰሙት፤ በዚያ ቀን የሰማው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ልጄ፣ በግድ የሆነ ነው፤ ስለትህ አልፈረሰም። እኔ ፈትቼሃለሁ። ከዚሁ ቀጥል።"

"ከማንኩሳ እስከዚህ ያለውስ፣ አባ?"

"ሚካኤል የጫነህን ሰው ያውቃል። ደግሞ በዚህ እግርህ ብትመለስ ለንግሡ አትደርስም። ሰው ሁሉ ሲያነግሥ አንተ መንገድ ላይ ልትቀር ነው?"

ቢሆነኝ የተላጠ ተረከዙን አየ። ቢመለስ የሚያይለት ሰው አልነበረም፤ ቢያይም የሚያምነው የለም። በእግሬ ሄድኩ ቢል ይስቁበታል፣ በግድ አሳፈሩኝ ቢል ደግሞ ከፈረሱ ማነጠስ ጋር ይደምሩታል። ንዴቱ ቀስ እያለ ወርዶ ፍርሃት ሆነ።

"አባ፣ እርስዎ ፈቱኝ። ሚካኤልም ይፍታኝ። ልጄ ነገ ብታተኩስ ግን እኔን ማን ይፈታኛል?"

አባ ገነነ መስቀላቸውን አሳለሙት።

ቢሆነኝ ኮንጎውን አጥልቆ ማሰሪያውን አጠበቀና ፊቱን ወደ ማንኩሳ አዞረ። ወደ ንግሡ የሚጎርፈው ሕዝብ ከፊት ለፊቱ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ትከሻውን ገፋ አድርጎት ሲያልፍ ዞር ብሎ አየው።

"ወንድም፣ ሚካኤል እኮ በወዲያ ነው! ጠፍቶብህ ነው?"

"አልጠፋብኝም" አለ ቢሆነኝ፣ ሳይቆም። "እኔ ገና ማንኩሳ፣ ከዋርካው ሥር ነኝ።"