አራሚው ያጸደቀው ምክር

አራሚው አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ ጡረታ ቢወጣም፣ እጁ ዐርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። በስልኩ የአትክልት ወዳጆች ማኅበር አቋቁሞ፣ ሁለት ሺህ አባላት የሚልኩለትን ምክር እያነበበ፣ ፊደሉን እያቃና፣ ትርፍ ቃሉን እየነቀለ፣ ከግርጌው «ጸድቋል» ብሎ ይለጥፍ ነበር። ስለዚህች ቃል የሚጠይቀው ይመጣል ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

አንድ ረፋድ በሩ ተንኳኳ። በአንገቷ የልብስ መለኪያ ሜትር ያንጠለጠለች ሴት፣ ጣሳ ላይ የተተከለች የሎሚ ችግኝ ታቅፋ ቆማለች። ችግኟ የተቀቀለ ጎመን መስላለች።

«ጋሼ፣ የማኅበሩ አስተዳዳሪ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት፤ ገድለዋታል።»

አድራሻውን በገጹ ላይ ያሰፈረበትን ቀን ረገመ። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አማቷ ለአንድ ወር ሌላው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ሎሚዋን አደራ ብለዋት ነበር። እሷም «ቅጠሊት» የምትባል አባል የጻፈችውን ምክር አንብባ፣ የፈላ ውሃ ሦስት ጠዋት አጠጣቻት። አማትየው የሚመለሱት ዛሬ ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አንቺ የነካሽው አይለመልምም› ሲሉኝ ኖረዋል። ይኸው ማስረጃ አገኙ!»

«ልጄ፣ የፈላ ውሃ ሥር ላይ ስታፈሺ እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ?»

«ጸድቋል ይላላ! የተማረ ሰው አይቶታል ብዬ!»

«ጸደቀ ማለት ስድብ የለበትም፣ ፊደሉ ተቃንቷል ማለት ነው። እኔ በር ከፋች ነኝ፤ የገባው ሁሉ ለሚሠራው ልጠየቅ ነው?»

«እኔ የማውቀው ችግኝ ሲጸድቅ ነው። ጽሑፉ ጸደቀ፤ ሎሚዋ ደረቀች። በሉ ይነሡና ይህን ሰዋስው ለአማቴ ያስረዱልኝ።»

አራሚው ተነሣ። ካፖርቱን ደርቦ ተከተላት፤ የቅጠሊትን ድንቁርና አጋልጦ፣ ሴትየዋን ነጻ አውጥቶ ሊመለስ ነው።

አማትየው ግን ቀድመው ደርሰው፣ ሻንጣቸውን በር ሥር አቁመው፣ ሎሚዋ የነበረችበትን ባዶ የመስኮት ደፍ ያያሉ።

«እመቤቴ፣» አለ አራሚው፣ «ምራትዎ አልበደለችም። ቅጠሊት የምትባል አንዲት ደንቆሮ የፈላ ውሃ አጠጡ ብላ ጽፋ ነው።»

«ማን? እኔ?» ብለው ጮኹ አማትየው። «አቀዝቅዛችሁ አልኩ እንጂ ቀቅሏት አልኩ?»

ለካ ቅጠሊት እሳቸው ናቸው። ምራትየዋ ሳቋን በመዳፏ አፍና ስልኳን አወጣች። «‹የቧንቧ ውሃ በደንብ አፍልታችሁ ሎሚያችሁን አጠጡ።› እማማ፣ ማቀዝቀዝ የሚል የለም።»

አማትየው ስልኩን ተቀብለው አነበቡ። ትከሻቸው ወረደ።

«እንግዲያው አርጅቻለሁ። የምጽፈውን አላውቅም ማለት ነው። ከእንግዲህ ለማንም ምንም አልመክር።»

አራሚው የተላከለትን ጽሑፍ አስታወሰ። «አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ሎሚያችሁን» ብለው ነበር የላኩት፤ የሦስቱ «ችሁ» መደጋገም ጆሮውን ቢጎረብጠው፣ መካከለኛዋን በገዛ እጁ ነቅሏታል። ዝም ቢል የሚጠረጥረው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋም ነጻ ወጥታለች፤ የመጣበት ጉዳይ ተፈጽሟል። ኮፍያውን አንሥቶ እስከ በሩ ሄደ። አማትየው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከእንግዲህ እንደማይፈልጉት ሁሉ ወደ ማኅደሩ እየከተቱት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ዞሮ። «ቃሏን የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ለዜማው ብዬ።»

«ለምኑ?»

«ለዜማው።»

በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁት አማትና ምራት እኩል ዞሩበት።

«እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ለእኔ ይተዉልኝ!»

«ዞር በይ ልጄ፣ እኔ እበቃዋለሁ!»

ተፈራርቀው ሲወርዱበት ቆይተው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ ለሁለቱ ሺህ አባላት ይቅርታ እንዲጽፍም አዘዙት። አማትየው ቃል በቃል ያስጽፋሉ፤ ምራትየዋ ከኋላው አንገቷን አስግጋ ትጠብቀዋለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ዐይን የሚወጋ የሰዋስው ስሕተት መጣ። ጣቱ ወደ መደምሰሻዋ ተንፏቀቀች።

«እጅዎን ይሰብስቡ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጥርሱን ነክሶ፣ ከነስሕተቱ ለጠፈው።