የመጨረሻዋ ተሳፋሪ

«ብላ እንጂ! እንቁላል አይናከስም» አሉ አክስት ጆያ፣ ሳህኑን ቪታሊ ጉልበት ላይ እያስቀመጡ።

ቪታሊ አንዷን አነሳና በመዳፉ ያሽከረክራት ጀመር። በሽንኩርት ልጣጭ ሲንተከተክ አድሮ ቡናማ የሆነ የልቅሶ እንቁላል ነው። ስልሳን ሊደፍን ትንሽ የቀረው፣ በር የሚያህል ሰውዬ፣ ከመሬት ስንዝር በማትበልጥ በርጩማ ላይ ተኮራምቶ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። እህቱ ኤስትሬያ በሌላዋ በርጩማ አጠገቡ ተቀምጣለች። በአይሁድ ልቅሶ የሟች ልጆች ሰባቱን ቀን ጎን ለጎን ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ቢዋደዱም ባይዋደዱም ደንብ ደንብ ነው። የሁለቱም ሸሚዝ ለሐዘን ደረቱ ላይ ተቀድዷል። ክንዳቸው ይነካካል፤ አፋቸው ግን «ውሃ አቀብለኝ» እና «ስልክሽ ጠራ» ከማለት አያልፍም።

እናታቸው ሱልታና የተቀበረችው ትናንት ነው። ሲያትል እንደ ልማዷ ታካፋለች። የቤቱ በር አይቆለፍም፤ ለቀስተኛ ሳያንኳኳ ይገባል፣ «ከሰማይ ያጽናናችሁ» ብሎ ይወጣል። የጎን ቤቱን በቅርቡ የገዛችው ኢንግሪድ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ታቅፋ ገባችና፣ አንሶላ የለበሰውን የሳሎን መስታወት ስታይ ክው አለች።

«ውይ! ቤቱን ልታስቀቡ ነው? በዚህ ሰሞን?»

«አይ ልጄ» አሉ አክስት ጆያ። «ፊታችንን እንዳናይ ነው። ስናለቅስ ምን እንደምንመስል ያየን እንደሆነ ለራሳችን ሁለተኛ ልቅሶ እንቀመጣለን።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ቪታሊም ፈገግ አለ። ኤስትሬያ በጎን አየችው፤ የእናታቸው ፈገግታ ነው፣ በግራ በኩል ብቻ የሚወጣው።

ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ማያሚ ይበራል። ይህንንም ለእሷ አልነገራትም፤ እሷ እየሰማች ለአክስቱ ነው የነገራቸው። አክስት ጆያ «ሰባት ቀን ነው ልቅሶው! ሦስት ብለህ የቆረጥክ አንተ ማን ነህ?» ብለው ጮኹበት፤ እሱ «ሥራ አለብኝ» ብሎ አቀረቀረ። ነገሩ ለኤስትሬያ ገብቷታል። እስከ ዛሬ ወደዚህ ቤት ሲመላለስ የነበረው ለእናቱ ሲል ነው። ነገ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም፤ እሷም ወንድም የነበራት ሴት ሆና ትቀራለች። ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳት።

«ያቺን መርከብ ታስታውሳላችሁ?» አሉ አክስት ጆያ ድንገት።

ማን ይረሳል! አባታቸው ኒሲም በሞተ በዓመቱ፣ ሱልታና ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን፣ ታላቅ እህቷን ጆያን ጭምር ሰብስባ ወደ አላስካ ጠረፍ አሳፈረቻቸው። ኒሲም ዕድሜ ልኩን ገበያ ውስጥ የአላስካ ሳልሞን ሲሸጥ ኖሮ አላስካን ሳያይ ነው የሞተው። «እሱ ያላየውን እናይለታለን» አለች። የልቧ ምክንያት ግን ሌላ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ወንድምና እህት ከአባታቸው ቀብር ጀምሮ ተኳርፈዋል፤ መርከብ ላይ ደግሞ አኩርፎ የትም አይኬድም።

በየወደቡ የሚወረድበትን ሽርሽር ሁሉ ራሷ አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። በመጀመሪያው እራት ላይ ቲኬቶቹን እንደ መጫወቻ ካርታ አደለች። ኬቺካን ወደብ ላይ ለኤስትሬያና ለቪታሊ የደረሳቸው የሁለት ሰው ታንኳ ነው።

«እማ፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ታንኳ አልገባም።»

«የተከፈለበት ነው፤ አይመለስም።»

«እማ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ልሂድ» አለ ቪታሊም።

«ከሰጠማችሁም አብራችሁ ስጠሙ» አለችና ሾርባዋን መጠጣት ቀጠለች።

ገቡ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መቅዘፊያዎቻቸው ይጋጫሉ፣ ታንኳዋ አንድ ቦታ ትሽከረከራለች። ሌሎቹ ሁሉ ከወደቡ ፊት ያለችውን ደሴት ዞረው ሲመለሱ እነሱ ገና ከወደቡ አልራቁም። «ቀስ በል እንጂ!» «አንቺ ፍጠኛ!» «ወደ ግራ አልኩህ!» «ግራሽ የት ነው?» ከዓመት ወዲህ የተነጋገሩት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። ሱልታና ዳር ሆና አየቻቸውና እየሳቀች እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሰው ሠራሽ ጥርሷን ይዛ ነበር የምትስቀው፣ ወልቆ እንዳይወድቅባት።

ደግሞ ያ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷ! በየወደቡ ከሽርሽር ሲመለሱ ከመርከቡ መሰላል ሥር ቆማ ትጠብቃቸዋለች። የቤተሰቡ ሰው በሙሉ ሳይገባ አትሳፈርም። አንድ በአንድ የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ስባ «ግባ»፣ «ግቢ» ትላለች፤ ልጅ የወለደውንም የሸበተውንም አትምርም። «እማ፣ እላይ እኮ ማሞቂያ አለ! አሁን ዚፕ ምን ያደርግልናል?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ እቴ! መጨረሻ ላይ የራሷን ዚፕ ትስብና ከሁሉም ኋላ ትወጣለች።

«እኔም አልቀረልኝም» አሉ አክስት ጆያ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዓሣ ነባሪ ልናይ በወጣንበት ጀልባ ላይ ሳስመልስ ውዬ ሳለ ዚፔን ስባ አነቀችኝ።»

ለቀስተኛው እየሳቀ ተነሳ፣ እየሳቀ አጽናና፣ ሄደ። አክስት ጆያ ወዲያው ኤስትሬያን ክንዷን ይዘው ወጥ ቤት አስገቧትና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ንገሪው።»

«ምኑን?»

«እንዳላወቀች አትሁኚብኝ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ነገ ሊሄድብሽ ነው። እሷ እንደሆን አፈር ገብታለች። ከእንግዲህ ለማን ብለሽ ነው የምትሸከሚው?»

«ኧረ አክስቴ፣ ሙት ወቃሽ አያድርጉኝ።»

«አንቺስ በቁምሽ ስትወቀሽ አልኖርሽም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒሲም የሞተው ሐሙስ ማታ ነበር። በእነሱ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ በሰንበታቸው በቅዳሜ ደግሞ ቀብር የለም። ቪታሊ ከማያሚ ተነስቶ ሲመጣ፣ በማዕበል የተነሳ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ቆመበት። ረቢው «ልጁ እየመጣ ነውና እስከ እሑድ ብንጠብቀው ደንቡ ይፈቅዳል» አሉ። ሱልታና እንቢ አለች። «ኒሲም ዕድሜውን ሙሉ እጁን በረዶ ውስጥ ሲነክር ኖሯል። ሰንበትን በረዶ ቤት ተኝቶ አያሳልፍብኝም። ቅበሩልኝ» አለች። አርብ ከሰዓት ተቀበረ። ቪታሊ ሻንጣውን እየጎተተ መቃብር ሲደርስ አካፋዎቹ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

«ማነው ቅበሩ ያለው? ማነው ያልጠበቀኝ?» ብሎ ጮኸ።

የሱልታና ከንፈር ነጣ፤ የኤስትሬያን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ኤስትሬያ አላሰበችበትም፣ አፏ ቀደማት። «እኔ ነኝ» አለች።

እናቷ አላስተባበለችም። ኤስትሬያም ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ቪታሊ ግን ከአባቱ መቃብር እስከ እናቱ መቃብር እህቱን በስሟ አልጠራትም።

ከወጥ ቤት ስትወጣ ሳሎኑ ውስጥ ከወንድሟና ለሟች ከሚነድደው ሻማ በቀር ማንም የለም። ሻንጣው ከበሩ ጥግ ተዘጋጅቷል። ከሻንጣው በላይ ያ ቢጫ ካፖርት እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ኤስትሬያ እሱን እያየች በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ጉዞ፣ ጁኖ ወደብ ላይ ነበር። የዚያን ቀን ሽርሽሩ ተከፋፍሎ ሱልታና ከቪታሊ ጋር የበረዶውን ግግር ለማየት ሄደች። አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ሲመለስ የወረደችው ብቻዋን ነው። መሰላሉ ሥር ቆመች። የመሳፈሪያው ሰዓት ደረሰ፤ መርከቡ አንዴ ጮኸ። ሠራተኛው ለመናት። «ልጄ ሳይገባ አልገባም። ከቸኮላችሁ ጥላችሁኝ ሂዱ» አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ «ኧረ እማማ፣ ይግቡ!» እያለ ይስቃል። ኤስትሬያ ከላይ የበረንዳውን አጥር ይዛ ያንን ቢጫ ነጥብ ቁልቁል ታያለች። ወርዳ አጠገቧ ልትቆም ይገባት ነበር፤ አልወረደችም። ሰውዬው እኔን ለማናደድ ነው የዘገየው ብላ ተናደደች። በመጨረሻ ቪታሊ ከወደቡ ጫፍ ታየ። ሰው ሁሉ «ሩጥ! ሩጥ!» ሲለው አልሮጠም፤ እየተራመደ መጣ። እናቱ ዚፑን ሳበችለት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ወጡ።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ትወጣለህ?» አለችው አሁን።

«ቁርስ በልቼ።»

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። «እማ ናት» ብትል ያልቃል፤ ይቆይላታል፣ ምናልባትም ያቅፋታል። ግን ሻማው ይነድዳል። እናቱን ከቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ለሆነ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? አንዴ የቀበራትን እናት ሁለተኛ ልታስቀብረው ነው?

«ቪታሊ፣ የአባባ ቀን ስላልጠበቅሁህ ይቅር በለኝ» አለች።

ሳይበላ የያዘው እንቁላል ከእጁ ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

«ተይ» አለ።

«መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ተይ እኮ አልኩሽ፣ ኤስትሬያ!»

ስሟን ሲጠራት ደነገጠች። ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«አውቃለሁ» አለ። «ጁኖ ላይ ነገረችኝ። በረዶውን ልናይ ሄደን፣ ፏፏቴ ሥር ቆመን። 'እህትህ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ቅበሩት ያልኩት። እሷ እኔን ስትሸፍን ነው' አለችኝ። ጥያት ሄድኩ። ዝናብ ላይ ጥዬ! ከተማው ውስጥ ስዞር ዋልኩ። መርከቡ ይሂድ፣ እማንም ይዞ ይሂድ ብዬ ቆርጬ ነበር። በኋላ ከሩቅ ያ ቢጫ ነገር ታየኝ። እንደዚያ ቆማ እንዴት ልቅር?»

ኤስትሬያ ወደ እሱ ዞረች።

«ያን ጊዜ ነው ያወቅከው? ይህን ሁሉ ዓመት? ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ፣ አንተ ሰው!»

«አፈርኩብሽ። ምን ብዬ ልጀምር? እሷ ደግሞ 'እንደነገርኩህ አትንገራት፣ በራስህ ታረቃት' አለችኝ። እኔ ደግሞ መታረቅ መቼ አውቅበታለሁ? በመጣሁ ቁጥር ዛሬ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ ስል… አንቺም ሳህን እያጋጨሽ ወጥ ቤት ትገቢያለሽ።»

«ሳህኑስ መታጠብ የለበትም?»

«በየሰዓቱ?»

ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ከሳቁ ጋር ዕንባው ተከትሎ መጣ። «ሁለታችንም እኮ እማን እርስ በርሳችን ስንደባበቃት ነው የኖርነው» አለች። በርጩማዋ ዝቅተኛ ስለሆነች ወደ ጎን ስትዘነበል ትከሻው ላይ ወደቀች፤ እሱም አልተነሳም። አክስት ጆያ ገርበብ ባለው በር አጮልቀው አዩና ቀስ ብለው ዘጉት።

ቪታሊ በማግስቱ ቁርሱን በላ፤ ወደ ማያሚ ግን አልሄደም። ሻንጣው ከበሩ ጥግ ተነስቶ የልጅነት ክፍሉ ገባ። ለቀስተኛው መጣ፣ ሄደ። ሁለቱ በርጩማ ላይ ሆነው በኬቺካኗ ታንኳ ጥፋቱ የማን እንደነበር ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከምኩራብ የመጡት ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው «ተነሱ» አሏቸው። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሱ። ልቅሶ ሲፈታ ሐዘንተኛው ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አንዴ ይዞራል፤ ከሰው ተቀላቀልን ማለት ነው። ኤስትሬያ ስትወጣ እጇ የራሷን ጃኬት አልፎ ቢጫውን ካፖርት አነሳ። ሰፊ ነው፤ ኪሱ ውስጥ አንድ የደረቀ የጉሮሮ ከረሜላ አገኘች።

ካፊያው አልቆመም። አክስት ጆያ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት፣ ሌላው ዘመድ ከኋላ፣ ብሎኩን ዞሩ። መጨረሻው ማዕዘን ላይ ቪታሊ ወደ ኋላ ቀረ። ኤስትሬያ ዞር ስትል ግንብ ላይ እጁን አስደግፎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ሰባቱን ቀን ሙሉ እንዲህ አላለቀሰም ነበር። ተወችው። ሄዳም የቤታቸው ደረጃ ሥር ቆመች። ዘመዱ ሁሉ እያለፋት ወደ ቤት ገባ።

«ግቢ እንጂ!» ብለው ጮኹ አክስት ጆያ ከላይ። «ትበሰብሻለሽ!»

«ሰው ቀርቶኛል» አለች።

አክስት ጆያ በሩን እንደተከፈተ ትተውላት ገቡ።

ቆይቶ መጣ። አልሮጠም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጃኬቱ ተከፍቶ ይርገበገባል። ቢጫውን ካፖርት ሲያይ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ተጠጋና እንደ ልጅ አንገቱን ቀና አደረገላት። ኤስትሬያ የጃኬቱን ዚፕ ከታች ይዛ እስከ አገጩ ሳበችለት።

«ግባ» አለችው።

እሱ ቀድሞ ወጣ። እሷ የራሷን ዚፕ ሳበች፣ መንገዱን አንዴ ዞራ አየች፤ የቀረ ሰው የለም። ከሁሉም ኋላ ገብታ በሩን ዘጋችው።