ሙት እንዳትነኪ

«ሁላችንም ነካናት፤ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች ጎረቤታቸው ዩፌም፣ የአጃ ቂጣዋን ቢራ ውስጥ እየነከረች።

ኤልስፔት እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላ ከታላቅ እህቷ ከግሪዝል ሬሳ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ግሪዝልን ትኩሳት በአራት ቀን ወሰዳት። ከሞተች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ነገ ትቀበራለች። ፋይፍ በሚባለው በዚህ የባሕር ዳርቻ አገር ለቅሶ የደረሰ ሁሉ የሟችን እጅ ይነካል። ገዳይ ሲነካው ሬሳው ይደማል ስለሚባል፣ አልነካም ያለ ሰው መታማቱ አይቀርም።

«ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል እትዬ?»

«ሾርባዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራባት ነው ይላል። እኔ እንኳ አፋቸውን አስይዣቸዋለሁ።»

የዩፌምን አፍ ማን እንደሚያስይዘው እግዜር ይወቅ።

ኤልስፔት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የሞተ ጫጩት መዳፏ ላይ አድርጋ አለቀሰችለት። ጫጩቱ ሞቀ፣ ተንፈራገጠ፣ ጮኸ። በደስታ ልትፈነድቅ ስትል ግሪዝል ደርሳ ነጠቀቻትና አንገቱን ጠመዘዘችው። ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

«ካዩሽ ያቃጥሉሻል» አለቻት። «ሙት እንዳትነኪ። እኔም ብሆን እንኳ።»

ግሪዝል ራሷ ነፋስ ታዝ ነበር። ባሏ በማዕበል ሲሰጥም ግን መንደርተኛው ሁሉ አጠገቧ ነበርና አፏን ዘግታ ዳር ላይ ቆመች። ለራሷ ፈርታ አልነበረም፤ አንዷ ጠንቋይ ተብላ ከተያዘች እህቷም አትተርፍም። ከዚያ ቀን በኋላ ግሪዝል ስትስቅ ያያት የለም።

በሩ ተከፈተና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሞንከር ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ።

«ኤልስፔት፣ እዚሁ እኔ ፊት ንኪያት። እምቢ ካልሽ ከቀብሩ መልስ ዳኛ ፊት ትቆሚያለሽ።»

አምና ሦስት ሴቶች ዳኛ ፊት ቆመው ነበር። አመዳቸውን ባሕሩ ወሰደው።

የፈሩት ይደርሳል። ኤልስፔት ተነሥታ የእህቷን እጅ ያዘች።

በመጀመሪያ በረዶ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ከመዳፏ ሥር ሙቀት መጣ። የግሪዝል ጣቶች ተንቀሳቀሱና የኤልስፔትን ጣቶች ጨበጡ። ለቀስተኛው ሁሉ ደም ጠብቆ ያፈጠጠው የሟቿ ፊት ላይ ነው፤ እጇን ያየ አልነበረም። ትንሽ ብትቆይ ግሪዝል ዓይኗን ትገልጣለች። ኤልስፔት ለእህቷ ስትል መቃጠሉን አልጠላችውም። ነገር ግን ግሪዝልም የምትነሣው ለዚያው እሳት ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእህቷ ጣቶች አላቀቀች። ያኔ ጫጩቱን ስትገድል እህቷ ምን እንደተሰማት አሁን ገባት።

«አልደማችም» አለ ሞንከር ቅር እንዳለው ሁሉ።

«ብያለሁ እኮ!» አለች ዩፌም። ከዚያ ብድግ ብላ «ቆዪ እስቲ፣ እጇ ተዛብቷል፣ ላስተካክልላት» ብላ ተጠጋች።

ኤልስፔት ቀደመቻት። የከፈኑን ጫፍ ስባ ገና ያልቀዘቀዘውን እጅ ሸፈነችው።

«ተዪው እትዬ» አለች። «ይበርዳታል።»