ኩብለላ በሁለት ድምፅ

«ኩብለላ በሁለት ድምፅ» ማለት ምን ማለት ነው? ያን ሐሙስ ክሮቺፊሳ ቃሉን የምታውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ነበር። በአርባ አራት ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል መግጠም ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። የጨው ከረጢቱንም የሱቅ ሰሌዳውንም፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ልጇ አጋቲና ጠረጴዛ ላይ የተወችውን ወረቀትም በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከላይ «ኩብለላ በሁለት ድምፅ» ይላል። ቀጥሎ ሁለት ስም፦ አጋቲና፣ ኑንዚዮ፤ አብሯት ቫዮሊን የሚማረው ልጅ። በየመስመሩ መካከል ደግሞ፦ «በለሆሳስ»፣ «እየፈጠኑ»፣ መጨረሻ ላይ «ቀስ በቀስ እየጠፉ»።

ፓሌርሞ ውስጥ ከወንድ ጋር አንድ ሌሊት የጠፋች ልጅ በማግስቱ ሙሽራ ናት። ቫዮሊኑም፣ ቅዳሜ የምትፈተንለት የሚላኖ ነፃ ትምህርትም ያበቃል።

መጠየቅ ፈራች፤ ብትጠይቅ የምታፋጥነው መሰላት። ዓርብን ከመስኮት ወደ በር ስትመላለስ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ክፍሏ ውስጥ ቆለፈችባት።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ክፈቺ እንጂ!»

«አንብቤዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ኩብለላችሁን!»

አጋቲና ሳቋ አመለጣት። «እማ፣ እኔና ኑንዚዮ ዛሬ የምንፈተንበት ሙዚቃ ስም እኮ ነው! አንዱ ዜማ ይሸሻል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ በቃ።»

«እሱንማ አውቃለሁ! አባትሽም ተከትሎኝ ነው እዚህ የደረስኩት!»

ከታች ኑንዚዮ ተጣራ። «አጋቲና! ውረጂ፣ ረፈደብን!»

ጎረቤቷ ዶና ፊሊፓ ከማዶ ሰገነት ብቅ አለች። «ምነው ክሮቺፊሳ፣ ሙሽራው በጠዋት መጣ?»

ክሮቺፊሳ በመስኮት ጮኸች። «አንተ ልጅ! ብቻህን ኮብልል!»

ያኔ ከተቆለፈው ክፍል ቫዮሊን ተሰማ። አጋቲና ጥቂት እንደተጫወተች ኑንዚዮ መንገድ ላይ የራሱን አውጥቶ ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ጀመረ። እሷ ትሸሻለች፣ እሱ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ድምፆች ቀጠኑ፣ ሳሱ፣ ጠፉ። ልጆቹ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ክሮቺፊሳ ወረቀቱን አንስታ «ቀስ በቀስ እየጠፉ» የሚለውን እንደገና በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ቁልፉን ፈለገች፤ ስትቸኩል ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ሦስቱም ሮጡ። በፈተናው አዳራሽ በር ላይ ያለው ሰው መዝገቡን አየ።

«የልጅቷ ስም ተጠርቶ አልፏል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉን ክፉ አድርጌ አንብቤው ነው» አለች ክሮቺፊሳ።

«አዝናለሁ፣ እመቤት። ሕጉ አይፈቅድም።»

የኑንዚዮ ተራ ገና ነበር። የአጋቲናን ድምፅ መምህራቸው ተጫወቱለት።

በጥቅምት ኑንዚዮ ወደ ሚላኖ ሄደ። አጋቲና ፓሌርሞ ቀረች።